‹እንደምን ዋሉ› ከካሜራው ይቅደም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፎቶግራፍ ነው። ስለ ካሜራ ዓይነትና ስለ ዋጋው አይደለም፤ ስለ እሱ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ የማወራው ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ ስላሉት ደቂቃዎች ነው። መንገድ ላይ፣ ገበያ ውስጥ፣ ወይም ገጠር ወጥታችሁ፣ ፊቱ ወይም ሥራው ዐይናችሁን የሳበው ሰው ታያላችሁ። አታውቁትም፤ አያውቃችሁም። እንዴት ትቀርቡታላችሁ?

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ፎቶ ማንሳት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ከጓደኛዬ ረጅም ሌንስ ተዋስኩ፤ ከአስፋልት ማዶ የቆመን ሰው ሽፋሽፍት የሚያስቆጥር ዓይነት። እሱን አንጠልጥዬ በማለዳ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እናቶች የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ከወገባቸው ታጥፈው የሚወርዱበት ነው። አንድ ግንብ ተከልዬ አንዲት እናት ላይ አነጣጠርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሦስት ጊዜ።

በሦስተኛው ቀና ሲሉ ዐይን ለዐይን ተጋጠምን። ሸክማቸውን ሳያወርዱ ከግንቡ ጋር አስደገፉት፤ እንዲህ ያለ ሸክም አንዴ መሬት ከነካ ብቻን መልሶ ማዘል ጭንቅ ነው። ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ» አሉኝ። ሄድኩ።

«ምን አድርጌህ ነው?»

ቁጣ አልነበረበትም። የምር ጥያቄ ነበር፤ ምን በድዬህ ነው ተደብቀህ የምታነጣጥርብኝ ማለታቸው ነው። የምመልሰው ሳጣ፣ «ፎቶ ላነሳዎት ፈልጌ ነው፣ እማማ» አልኩ።

«ታዲያ አፍ የለህም?»

ከዚያ ወደ ራሳቸው አዩ፤ ክርኑ ላይ የተበሳውን ሹራብ፣ አቧራ የጠጣውን እግራቸውን። «እንዲህ ሆኜ ነው የምታነሳኝ? እሑድ ኪዳነ ምሕረት ስስም ና። ያኔ አንሳኝ» አሉና ሸክማቸውን አስተካክለው ቁልቁል ወረዱ።

እሑድ አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እስቲ ቋንቋችንን አዳምጡት። በአማርኛ ፎቶ አንሺው «ያነሳል»፤ ሰውየው ደግሞ «ይነሳል»። «ፎቶ ተነሳሁ» ነው የሚለው። ከተቀመጠበት ብድግ ያለ ሰው የሚናገረውን ያንኑ ቃል ነው የሚጠቀመው፤ ድርጊቱ የራሱ ነው። ደግሞም እውነት ነበር። አያቶቻችን ፎቶ ቤት የሚሄዱት አስበውበት፣ ቤት ውስጥ ተነጋግረውበት፣ ጥበብና ካባ ለብሰው፣ ሹሩባ ተሠርተው ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ያነሷቸውን ፎቶዎች ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ተነሺው ካሜራውን ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ፣ ክብሩን ለብሶ ነው የሚያየው። የእንጦጦዋ እናትም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። ልነሳ፤ ግን ራሴ ልነሳ።

የእኔ ስሕተት የጀማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ፎቶዎች አንዱን እንውሰድ። በፈረንጆች አቆጣጠር 1936፣ ወሩ መጋቢት፣ ዶሮቲያ ላንግ የምትባል አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ በምትባል ቦታ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር ደረሰች። አዝመራው በውርጭ ተመትቶ ሠራተኛው ሥራ ፈትቷል። ከሸራ መጠለያ ሥር ልጆቿን ያቀፈች አንዲት ሴት አየች፤ ጥቂት ፎቶ አነሳቻትና ሄደች። ፎቶው በጋዜጣ ሲወጣ መንግሥት ወደ ሰፈሩ ምግብ ላከ። የሴትዮዋ ቤተሰብ ግን ያኔ ከቦታው ለቋል።

ላንግ ስሟን አልጠየቀችም፤ ይህንንም ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ ጽፋዋለች። ስም ካልተጠየቀ ደግሞ ታሪክም ይሳሳታል። ላንግ፣ ቤተሰቡ ምግብ ለመግዛት የመኪናውን ጎማ ሸጧል ብላ ነበር፤ ልጆቹ ካደጉ በኋላ፣ የምንሸጠው ጎማ አልነበረንም ብለው አስተባበሉ። ሴትዮዋ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን ትባላለች። ዓለም ስሟን ያወቀው በ1978 ነው፤ ከተነሳች 42 ዓመት አልፎ። ያኔ የተናገረችው ምሬት ነበረበት፤ ፊቷ ዓለምን ሲዞር እሷ አንዲት ሳንቲም አላገኘችም፤ ምነው ባልተነሳሁ እስከማለት ደርሳለች።

አረንጓዴ ዐይን ያላትን አፍጋናዊት ልጅም ታስታውሷታላችሁ። ስቲቭ ማኩሪ በ1984 ፓኪስታን ውስጥ በአንድ የስደተኞች ካምፕ አንስቷት፣ በቀጣዩ ዓመት የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ሆነች። ሻርባት ጉላ መባሏ የታወቀው በ2002 ነው። ፎቶውን ስትነሳ ምን ተሰምቷት እንደነበር ስትጠየቅ፣ ተናድጄ ነበር አለች። ዓለም ሁሉ የተደነቀበት ያ አስተያየት ንዴት ነበር ማለት ነው።

ወደ እኛም እንምጣ። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ተንቀጠቀጠ፤ እህል መጣ፣ ሕይወት ተረፈ። በዚያ ሰዓት ማን ቁጭ ብሎ ይጨዋወት ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። እኔ የምለው፣ እኛ ያ ችኮላ የሌለብን ሰዎች ቅዳሜ ገበያ ላይ እንደ ኮረም ስንሮጥ ነገሩ ያስገርመኛል ነው። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነገም እዚያው አለች።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ የቆመ አንድ አፍሪካዊ ልንገራችሁ፤ የማሊው ሴዱ ኬይታ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ባማኮ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፈተ። የመጀመሪያው መጋረጃው የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር። ለደንበኞቹ የሚያውሰው ሱፍ ልብስ፣ የእጅ ሰዓት፣ ብዕር፣ ሬዲዮ፣ ሞተር ሳይክል ነበረው፤ በኋላም አንዲት ፔጆ መኪና ግቢው ውስጥ አቁሞ ሰው እየተደገፈባት ይነሳ ነበር። ኬይታ የሚጠቀመው ትልቅ ካሜራ ነው፤ ፊልሙም ውድ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚተኩሰው። አስቡት፤ አንድ ጊዜ። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያለቀው ከመተኮሱ በፊት ነው። አገጭ በትንሹ ማቅናት፣ እጅ የት እንደሚያርፍ መነጋገር፣ የሰውየውን ቀልብ መሰብሰብ። ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ በሚይዝ ካርድ የምንሠራ ሰዎች ያንን ጊዜ ነው ያጣነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፤ ተግባሩ ላይ እንምጣ።

«የሰው ፊት እሳት ነው» ይላል የአገራችን ሰው። የተባለው ሊለምን ለወጣ፣ ሊበደር ደጅ ቆሞ ለሚንቆራጠጥ ሰው ነው። ፎቶ አንሺም ያው ነው፤ የራሱ ያልሆነ ነገር ሊጠይቅ ነው የሚሄደው። ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል። ያን ረጅም ሌንስ የተዋስኩትም ከዚህ እሳት ለመራቅ ነበር። ሒሳቡን ላሳያችሁ። ፉል ፍሬም በሚባለው ካሜራ አንድን ሰው ከወገቡ በላይ ለማንሳት፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ትቆማላችሁ። በ200 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስድስት ሜትር ገደማ ትርቃላችሁ። አንድ ሜትር ተኩል ሁለት ሰው ቡና እየጠጣ የሚጨዋወትበት ርቀት ነው። በስድስት ሜትር ግን መርካቶ መሐል እንኳን ጨዋታ፣ ስም ጠርቶ ማሰማትም አይቻልም። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌንሱ ራሱ አፋችሁን እንድትከፍቱ ያስገድዳችኋል። የስልክ ካሜራ ደግሞ ከዚህም ይሰፋል፤ ይበልጥ ጠጋ በሉ ይላል።

ከማላውቀው ሰው ጋር መላመድን የተማርኩት ሊስትሮ ፊት ተቀምጬ ነው። እግራችሁን ሣጥኑ ላይ ስታስቀምጡ ለአምስት ደቂቃ ያህል የትም አትሄዱም፤ እሱም የትም አይሄድም። እሱ ሥራ ላይ ነው፣ እናንተ ደንበኛ ናችሁ፤ ማንም ማንንም አይለምንም። ወሬው ራሱ ይመጣል። ከየት አገር እንደመጣ፣ የማታ ይማር እንደሆነ፣ የዛሬው ዝናብ ሥራ መግደሉ። ካሜራዬ ጭኔ ላይ ነው፤ አልደብቀውም፣ አላነሳውምም። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚጀምሩት እነሱ ናቸው፤ «ይሄ ስንት ያወጣል?»

አንድ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝን ልጅ ካሜራውን ሰጠሁትና «እስቲ አንተ አንሳኝ» አልኩት። ቀለም የነካ ጣቱን ሱሪው ላይ ሁለት ጊዜ ጠረገ። ማሰሪያውን አንገቱ ላይ እንዲያጠልቅ አሳየሁት። ከዚያ አናምንህም ብትሉም እውነቴን ነው፤ ያ ዝም ብሎ ብሩሽ ሲያንኳኳ የቆየ ልጅ አዛዥ ሆነ። «ቀጥ በል! እጅህን ከኪስ አውጣ። ኮሌታህን አስተካክል። አትሳቅ!» አራት አነሳኝ። ሁሉም ላይ ጭንቅላቴ ግማሹ የለም። ተራው የእኔ ሲሆን ግን እንዴት ላንሳህ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ነግሮኝ ጨርሷል። ብሩሹን አስቀምጦ፣ ቀጥ ብሎ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ሳይስቅ ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ የምጨቃጨቅበት ጉዳይ አለኝ። ብዙ ፎቶ አንሺ፣ የእኛ ሰው ካሜራ ሲያይ ግንድ ይሆናል፣ «ናቹራል» አይሆንም ብሎ ያማርራል። ግንድ መሆን አይደለም። ለእሱ መነሳት ማለት ያ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ብድግ እንደማለት። እሱን ፎቶ ሳታጣጥሉ አንሱለት፤ በደንብ፣ ተጨንቃችሁ፣ እንደ ኬይታ አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትተኩሱ አድርጋችሁ። አሳዩት። ከዚያ አትሂዱ። ሰውየው ግዴታውን እንደጨረሰ ትከሻው ይወርዳል፤ ጎረቤቱ ይቀልድበታል፤ እሱም መልስ ይሰጣል። የምትፈልጉት ያ ፎቶ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ያለ መጀመሪያው ግን አይመጣም።

ከደንበኝነት የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። በእነዚያ ልብስ ሰፊዎች ፊት በቀን ስንት ካሜራ እንደሚያልፍ ገምቱ። እኔ የሸሚዜ ቁልፍ ተበጥሶ ነበር፤ አንዱ ጋ ተቀምጬ አሰፋሁ። ክር ሲያመሳስልልኝ፣ ስለ ዘንድሮ ጨርቅ ዋጋ ሲያማርር፣ ሻይ ሲያስመጣልኝ፣ አንድ ሰዓት አለፈ። ያነሳሁት አራት ፎቶ ብቻ ነው፤ ከዚያ ጉዞ የቀረኝም እነዚያው አራቱ ናቸው። ቡና የምታፈላዋም ጋ እንደዚሁ ነው። በርጩማ ሳቡ፣ ስኒውን ተቀበሉ፣ ስትቀዳ ሳይሆን ስታወራ ተመልከቷት። አቦሉን ሳይጠጡ ካሜራ የሚያወጡ ሰዎች ቡናውንም ፎቶውንም አያጣጥሙትም።

ሥራ ላይ ላለ ሰው «በርቱ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። አባ ከሆኑ መስቀላቸውን ተሳልማችሁ፣ ሙስሊም መንደር ከሆነ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብላችሁ ጀምሩ። በዕድሜ የገፋን ሰው «አንተ» እያሉ ፈቃድ መጠየቅ፣ በእግር በር ረግጦ እንደመግባት ነው። ምሳ ላይ ከደረሳችሁ «እንብላ» ይሏችኋል፤ ጠግቤያለሁ ብላችሁ ካሜራ ከምትነካኩ አንዲት ጉርሻ ቅመሱ። የሕፃን ልጅ ቁንጅና ስታደንቁም አፋችሁን ጠብቁ። የሰው ዐይን የሚፈራበት አገር ነው፤ ሐረር ብትሆኑ «ማሻ አላህ» ሳትሉ የልጅ ውበት አታንሱ። ስለ ልጆች ይህን ካነሳሁ ልጨምር፦ ፈቃዱ የወላጅ ነው፤ ከረሜላ ደግሞ ፈቃድ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። አዲስ አበባ ያደገ ፎቶ አንሺ ገጠር ሲወጣ ራሱን እንደ እንግዳ አያይም፤ የአገሩ ሰው ነው፣ ቋንቋውን ይናገራል። በገበሬው ዐይን ግን ካሜራና ደብተር የያዘ ሰው ከወረዳ የመጣ ነው። ወይ ለግብር ይመዘግባል፣ ወይ ለዕርዳታ፣ ወይ ለማይታወቅ ነገር። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ መንደር ልጅ የታቀፉ እናቶችን ሳነሳ አረፈድኩ። ሁሉም እሺ አሉኝ፤ ሁሉም በትዕግሥት ቆሙልኝ። በስተመጨረሻ አንዷ ጠጋ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሟት በሹክሹክታ፣ «መቼ ነው የሚሰጠን?» አለችኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ፈቃድ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ግን ስንዴ የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰላምታው ቀጥሎ የምላቸው አራት ነገር ነው፤ ማን እንደሆንኩ፣ ለምን እንደማነሳ፣ ፎቶው የት እንደሚታይ፣ ደግሞም የማመጣው ምንም ዕርዳታ እንደሌለ። የመጨረሻው ይከብዳል። ሲባል የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ ይሂዱ። የሚቀሩት ለእናንተ ብለው የቀሩ ናቸው።

ሁለተኛው ከባድ ነገር ይሉኝታ ነው። የእኛ ሰው ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ይጨንቀዋል፤ እንግዳ ከሆናችሁ፣ በአክብሮት ከጠየቃችሁ፣ ጎረቤትም ቆሞ የሚያይ ከሆነ ደግሞ የባሰ። ስለዚህ «እሺ» ይላችኋል። ነጠላዋን አፏ ላይ ከሳበች ግን፣ ሥራዋን ካጣደፈች፣ «እሷ ትሻላለች» ብላ ወደ ጓደኛዋ ከጠቆመች፣ «ኋላ»፣ «ሲመሽ»፣ «ሌላ ቀን» ካለች፣ ያ እሺ እምቢ ነው። የውጭ አገር መጽሐፍ «ሰውየው ከተስማማ አንሳ» ይላል፤ እኛ አገር ግን አፍ ከተስማማ በኋላ እጅና ዐይን ምን እንዳሉ መጠበቅ ያስፈልጋል። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ መውጫውን ራሴ ማቅረብ ነው፤ «ደስ ካላለዎት ምንም አይደለም፤ እኔ ቡናዬን ጠጥቼ እሄዳለሁ።» ይህን ስትሉ በእፎይታ «ይቅርብኝ» የሚሉ ይበዛሉ። በእርግጥ መነሳት የፈለገ ሰው ደግሞ «ኧረ ምን ችግር አለው!» ብሎ ይቆጣችኋል።

እምቢ ስትባሉ ወዲያው አትሩጡ። ካሜራችሁን ወደ ቦርሳ መልሱና ጨዋታውን ጨርሱ። ፎቶ ስለቀረ ብቻ የሚያልቅ ጨዋታ ከመጀመሪያውም ጨዋታ አልነበረም፤ ሰውም ያን ይለያል። ለሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ ይፈቀዳል፤ ሦስተኛው ግን ጭቅጭቅ ነው።

ገንዘብስ? ኦሞ ሸለቆ የሄደ ሁሉ የሚያወራው ይህንን ነው። ሙርሲና ሐመር መንደር ቱሪስት ለእያንዳንዱ ፎቶ ይከፍላል፤ ተነሺውም የካሜራውን ቀጭታ ይቆጥራል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1969 ጀምሮ ሙርሲዎችን ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ ርዕስ ላይ ቱሪስቶቹን «ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች» ብሎ ነው የጠራቸው። መጡ፣ የከንፈር ሸክላውን አነሱ፣ ሄዱ። እንግዲህ ሙርሲዋ ሴት ስግብግብ ሆነች ብሎ ማማት ቀላል ነው። እኔ ግን ፍርዴ ሌላ ነው። ስምሽ ማነው የማይላት፣ ነገ የማይመለስ፣ ፎቶዋን የማያሳያት ሰው ቢመጣ ከብር ሌላ ምን ትጠይቀው? የሰውን የሥራ ሰዓት ከወሰዳችሁ ዋጋውን ክፈሉ፣ ወይም ከሚሸጠው ግዙ፤ ነውር የለበትም። ነውሩ ብሩን ሰላምታ ማድረግ ነው።

ሕጉንም ላስታውሳችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27፣ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ ታዋቂ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ሲሆን፣ ወይም በአደባባይ ከተደረገ ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን። የጥምቀትን ሕዝብ ጎንደር ላይ ብታነሱ ማንም አይከሳችሁም ማለት ነው። ቁምነገሩ ግን ሕጉ የሚናገረው ስለ ማንሳት ሳይሆን ስለ ማሳየት መሆኑ ነው። «ላንሳዎት?» ብላችሁ ፈቃድ ያገኛችሁበትን ፎቶ ቲክቶክ ላይ ስትለጥፉ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። የተቸገረ ሰው ፊት ላይ ካሜራ ደግኖ መቶ ብር ሲሰጥ ራሱን የሚቀርጸውን ትውልድ ይህ አንቀጽ ቢያንስ ሊያሳስበው ይገባ ነበር።

የመጨረሻው ነገር መመለስ ነው። ፎቶውን ስክሪን ላይ ማሳየት ጥሩ ነው፤ በቴሌግራም መላክ የተሻለ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወረቀቱ ነው። ኢንስታክስ የሚባለው፣ ወዲያው የሚያትመው ትንሽ ካሜራ ለዚህ ይጠቅማል፤ ምስሉ ከመታወቂያ ካርድ ያንሳል፣ ግን እዚያው እጃቸው ላይ እያዩት ቀለም ይይዛል። እሱ ከሌለ ከተማ ተመልሶ አሳትሞ መውሰድ ነው። «አመጣለሁ» ብሎ መቅረት የእናንተን ስም ብቻ አይደለም የሚያጎድፈው፤ ከእናንተ በኋላ ካሜራ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ በር ይዘጋበታል።

እንጦጦ ለምን እሑድ እንዳልሄድኩ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። አፍሬ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ። እውነቱ ሌላ ነው። እማማ በነጭ ነጠላና በንጹሕ ቀሚስ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው የሚነሱት ፎቶ ለውድድር አይሆንም ብዬ ነው። የፈለግሁት ሸክሙን ነበር፤ እሳቸውን አልነበረም። ይህን ለራሴ ለማመን ወራት ፈጀብኝ። በየካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዤ ወጣሁ። ከነጭ ለባሹ ሕዝብ መሐል ፊታቸውን ስፈልግ ዋልኩ፤ ስማቸውን ስላልጠየቅሁ ማን ብዬ እንደማጠያይቅም አላወቅሁም። አላገኘኋቸውም። ሦስቱ ፎቶዎች እኔው ጋ አሉ፤ ለማንም አሳይቻቸው አላውቅም።

አድማጮቻችን፣ ስልካችሁን ወይም ካሜራችሁን ዛሬ ማታ ክፈቱት። «አሳትሜ አመጣልዎታለሁ» ያላችሁት፣ ግን ያላመጣችሁለት ሰው ፊት እዚያ ውስጥ አይጠፋም። ቦታውን የምታውቁት ከሆነ በዚህ ሳምንት አሳትማችሁ ውሰዱለት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)